ቫይረሱ ወይስ ተከላካዩ? ከሴንት ሉዊስ እስከ ካንቤራ

ተማሪ ሳለን ስለ አንጎል ኢንፌክሽን በልባችን የነበረው ሥዕል ቀላል ነበር፤ ቫይረሱ ይገባል፣ የነርቭ ህዋሱን ያፈርሳል፣ ሰውየው ይታመማል። እንደ ፖሊዮና ሄርፐስ ላሉት ይህ እውነት ነው። ግን ጉዳቱን የሚያደርሰው የገዛ ተከላካያችን የሚሆንበት ጊዜም አለ። ይህን በደንብ ያስተማረን አንድ የአይጥ ቫይረስ ነው። ታሪኩን ለዘንድሮው መጽሐፋችን የመረጥኩት ዛሬም ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ስለሚያስፈልገን ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1933 የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ በአንጎል መቆጣት ወረርሽኝ ተመታች። ቻርልስ አርምስትሮንግ የዚያን ወረርሽኝ መንስኤ ሲያጠና ያልጠበቀው ሌላ ቫይረስ እጁ ገባ። የአንጎሉን ሽፋን ሊምፎሳይት ስለሚሞላው «ሊምፎሳይቲክ ኮሪዮሜኒንጃይቲስ» ተባለ። ፍንጩ እዚያው ስሙ ውስጥ ነበር።

ቀጥሎ ኤሪክ ትራውብ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። በእናታቸው ማህፀን ሳሉ በቫይረሱ የተያዙ አይጦች ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል እንጂ አጣዳፊው በሽታ አይነካቸውም። ያደገ አይጥ አንጎሉ ውስጥ ሲወጋ ግን በሳምንት ገደማ እየተንቀጠቀጠ ይሞታል። ከዚያም ዋላስ ሮው አይጦቹን በኤክስሬይ ጨረር መከላከያቸውን አዳከመና ቫይረሱን ሰጣቸው። ከሞት ተረፉ! እንዴ፣ መከላከያው ሲደክም በሽተኛው ይድናል እንዴ?

በ1972 እነ ጊልደን መልሱን አጠነከሩት፤ ቫይረሱን በሰላም ተሸክመው ለሚኖሩ አይጦች፣ ቫይረሱን የለዩ የመከላከያ ህዋሳት ሲሰጧቸው በሽታው ተነሳ። ከዚያ ነገሩ ወደ ካንቤራ ዞረ። ሮልፍ ዚንከርናገል የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው፤ ፒተር ዶኸርቲ ደግሞ በኤድንብራ የበግ አንጎል በሽታ ያጠና አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም። ከታመሙት አይጦች የአንጎል ፈሳሽ ቲ ሴሎችን አውጥተው ፈተኑ። ህዋሳቱ የተበከለን ህዋስ የሚገድሉት ቫይረሱንና የራሳቸውን አካል መለያ አንድ ላይ ሲያገኙ ብቻ መሆኑን በ1974 አሳተሙ። በ1996 ኖቤል ተሸለሙበት።

ይህ ቫይረስ በዋናነት የሚይዘው ሽፋኑን እንጂ ነርቩን አይደለም፤ ታዲያ ነርቩ ለምን ይናወጣል? በ2009 የነዶሪያን ማክጋቨርን ቡድን በሕይወት ያለን አይጥ አንጎል በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ቲ ሴሎቹ ሞኖሳይትና ኒውትሮፊል ጠርተው ያመጣሉ፤ የተጠሩት በብዛት ከደም ሥር ሲወጡ ሥሩ ይቀደዳል፣ ፈሳሽ ይፈሳል። ቅንድብ እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኼ ነው።

ይህ የአይጥ ወግ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ2005 ወዲህ የኛ ትውልድ ሐኪሞች መድኃኒቱን ጀምሮ መከላከያው ሲያንሰራራ የሚብስበትን በሽተኛ አይተናል። ታዲያ መከላከያውን በዴክሳሜታዞን ዝም ማሰኘት ነው? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በቬትናም በተደረገና በ2004 በታተመ ጥናት መድኃኒቱ የቲቢ ማጅራት ገትር ሞትን ቀነሰ። በ2016 በታተመ የእስያና የአፍሪካ ጥናት ግን በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ላይ ጉዳት ስላመጣ ጥናቱ ተቋረጠ። ሁለቱም ቫይረስ ባይሆኑም ጥያቄው ያው ነው፤ ያ ተከላካይ ሽፋኑን ሲያቃጥል ጀርሙንም ይይዝልናል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንም ለኛም የምለው አንድ ነገር ነው። አንጎሉ የተቆጣ በሽተኛ ሲገጥመን «ምን ጀርም ነው?» ብቻ ብለን አናቁም። «አሁን እየጎዳው ያለው ማነው፣ ጀርሙ ወይስ ተከላካዩ?» ብለን እንጨምር። ተማሪዎቻችንም ይህችን ጥያቄ ከኛ ሰምተው ይውጡ። ስቴሮይዱን የምንጀምርበትም የምንተውበትም ምክንያት ከመልሷ ይመጣል።