ስለ ኅብረ ቀለም፤ በነጭ፥ በጥቁርና በቀይ ላይ የተነገረ ሐተታ

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 ቍጥር 18 ኃጢአትን በቀይ፥ ስርየትን በነጭ መስሎ ተናገረ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ቀይ የበደል፥ ነጭ የጽድቅ፥ ጥቁር የሐዘን ነው ይላል። ቀለም ይህን ትርጓሜ ከባሕርዩ አገኘውን ቢሉ፤ አይደለም። ከፍጥረት ምሳሌ፥ ከአባቶች ሥርዓት፥ ከዘመን ልማድ አገኘው እንጂ።

አስቀድሞ ስሙን መመርመር ይገባል። በግእዝ ኅብር መልክ ነው፤ አንድም በቅኔ ቤት ባንድ ቃል ሁለት ምሥጢር መያዝ ነው። በአማርኛም ቀለም መልክ ነው፤ አንድም መጻፊያ ነው፤ አንድም ትምህርት ነው፤ የተማረውን ቀለም የገባው ይሉታልና። እንግዲህ ስሙ ብዙ ከያዘ፥ መልኩም ብዙ ቢይዝ አያስደንቅም።

ቀድሞ ቤተ አምሐራ ይባል በነበረው አገር፥ ዛሬ ከመካነ ሰላም እስከ ሳይንት ባለው የወሎ ምዕራብ ደጋ፥ የብራና ሥራ ከጥንት የታወቀ ነው። ተድባበ ማርያም በሳይንት ናት። መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የፈጸመው አባ ጊዮርጊስም በጋስጫ ስም ይጠራል። ጸሐፊው ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል አዋሕዶ፥ ብዙ ጊዜ አስቀምጦ፥ ከቀንድ እያጠቀሰ በመቃ ብርዕ ይጽፋል። ወንጌል የሚነበበው በዚህ ጥቁር ነው። የእግዚአብሔርን፥ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲደርስ ግን ብርዑን ለውጦ በቀይ ይጽፋል።

ቀይ በባሕርዩ የኃጢአት ቢሆን አባቶች የከበረውን ስም በቀይ ባልጻፉ ነበር። ምሥጢሩ ምንድር ነው ቢሉ፤ ቀይ ደምን ያሳስባል፤ ደም ግን የገዳይም የሰማዕትም ምልክት ነው። ኢሳይያስ በገዳይ እጅ ያለውን ደም አየ፤ በኢያሱ ምዕራፍ 2 ረዓብ በመስኮት ያሰረችው ቀይ ፈትል ግን ለቤተ ሰቧ መዳኛ ሆነ።

ጥቁርም እንዲሁ ነው። ሌሊት ሁሉን ይሰውራልና ሐዘንተኛ ጥቁር ይለብሳል። ነገር ግን መኳንንት ለክብር ይደርቡት የነበረው ካባ በወርቅ የተጠለፈ ጥቁር ከፋይ ነበር። ያው ጥቁር በለቅሶ ቤት ሐዘን፥ በአደባባይ ሹመት ሆነ፤ ቦታው ለወጠው እንጂ መልኩ አልተለወጠም።

ነጭ የብርሃን ምሳሌ ነው፤ በደብረ ታቦር የጌታ ልብስ እንደ ብርሃን ነጭ ሆኖአልና። ስለዚህ በጥምቀትና በትንሣኤ ሕዝቡ ነጭ ይለብሳል። በወሎ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም ሬሳውን በነጭ ይገንዛል። ነጠላም ያው ነጭ ሆኖ፥ ጥለቱ ወደ ላይ ሲዘቀዘቅ ለቅሶን፥ ወደ ታች ሲወርድ ደስታን ይናገራል። መነኮሳትም ወይባ ይለብሳሉ፤ ይህ የዓለምን ጌጥ መተዋቸውን ያሳያል።

ይህን ሁሉ መመርመር ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፤ የልብሱን ትርጓሜ ወደ ሰው ቆዳ የሚያሻግር አለና። ጥቁር የኃጢአት ምልክት ነው ብሎ ሰውን የናቀ ምሳሌውን ከእውነት ለይቶ አላወቀም። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ የነበረው ኢትዮጵያዊ ሙሴ ጸሊም ክህነት ተቀብሎ ነጭ በለበሰ ጊዜ፥ ሊቀ ጳጳሱ እነሆ ሁለንተናህ ነጭ ሆነ አለው። እርሱም ይህ በውጭ ነው፥ በውስጥስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። በዚህ መልስ ልብሱን ከልቡ ለየ።

የአገራችን ሠዓልያንም ይህን ያውቃሉ። ጻድቁን ፊቱን አቅንተው በሁለት ዓይን፥ ዓመፀኛውን በአንድ ወገን ፊት በአንድ ዓይን ይሥላሉ። ክፋትን በፊት አዟዟር ለዩት እንጂ ለቆዳ መልክ አልተዉትም።

ስለዚህ የነቢዩ ቃል ስለ ቀለም ፍርድ አይደለም፤ ስለ ሰው መለወጥ ነው። ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ የሙሴ ጸሊምን ጥያቄ ለልቡ ያቅርብ፤ በውስጥስ እንዴት ነው?