ሹሳኩና መንፈሱ፤ «ሂካሩ ኖ ጎ»ን ደግመን ስናነብ

ጃፓናውያን ማንጋ የሚሉት በሥዕልና በንግግር የሚተረክ መጽሐፍ ነው። ብዙ ወላጆችና አንዳንድ መምህራን ማንጋን ተማሪን ከጥናት የሚያሰንፍ ነገር አድርገው እንደሚቆጥሩት እናውቃለን፤ አልፎ አልፎም እውነት ነው። እኛ ግን በዚህ በመጨረሻው የትምህርት ዓመታችን ስድስት ጓደኛሞች ሆነን «ሂካሩ ኖ ጎ» የተባለውን ማንጋ ከ1ኛው ቅጽ እስከ 23ኛው ደግመን አነበብነው፤ ንባቡም ሳናስበው ወደ አንድ የታሪክ ጥያቄ አደረሰን። ይኸውም ከሞተ 160 ዓመት ያለፈው ሰው የሠራው ሥራ ለማን ሊቈጠር ይገባል የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንናገር። ጎ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። በገበታው ላይ 19 መስመር በቁመት፣ 19 መስመር በአግድም ተሠምሯል፤ መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ቦታዎች 361 ይሆናሉ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር ይዞ በየተራ በመገናኛዎቹ ላይ ያኖራል። የተቀመጠ ጠጠር እንደ ሰንጠረዥ ፈረስ አይዘልም፤ እንደ ገበጣም እየታፈሰ አይዞርም፤ ዙሪያውን ተከቦ ካልተማረከ በቀር እስከ መጨረሻው እዚያው ይኖራል። ድሉ ሰፊ ቦታ አጥሮ ለያዘ ነው። ደንቡን ባንድ ቀን መማር ይቻላል፤ ጨዋታውን አውቆ መጨረስ ግን ለማንም አልተቻለም።

ጨዋታው የተገኘው ከቻይና ነው። ጃፓን ከገባም ከ1,200 ዓመት በላይ ስለ ሆነው፤ በ8ኛው ምዕት ዓመት የነበረው የንጉሠ ነገሥት ሾሙ የጎ ገበታ እስከ ዛሬ ድረስ በናራ ከተማ በሾሶኢን ግምጃ ቤት ተጠብቆ ይገኛል። ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የቶኩጋዋ መንግሥት ሆኒንቦ፣ ኢኖኡዌ፣ ያሱይና ሃያሺ ለተባሉ አራት የጎ ቤቶች ቀለብ ይሰጥ ነበር። እነዚህ ቤቶች ጎበዝ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያሳድጉና ያስተምሩ ነበር፤ የታወቁት ተጫዋቾቻቸውም በየዓመቱ በኤዶ ቤተ መንግሥት እየቀረቡ ይጋጠሙ ነበር።

«ሂካሩ ኖ ጎ»ን የደረሱት ወይዘሮ ሆታ ዩሚ፣ ሥዕሉን የሣሉት አቶ ኦባታ ታኬሺ ናቸው፤ በጨዋታው በኩል ስሕተት እንዳይገባበትም ኡሜዛዋ ዩካሪ የተባሉ የሙያው ተጫዋች ይመረምሩት ነበር። «ሾነን ጃምፕ» በሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከ1998 መጨረሻ እስከ 2003 በተከታታይ ወጣ። ከዚያ በፊት ጎ በጃፓን ልጆች ዘንድ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነበረ፤ ማንጋው ግን አያሌ ልጆችን ወደ ገበታው ሳበ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሂካሩ የተባለ የ6ኛ ክፍል ተማሪ በአያቱ ዕቃ ቤት አሮጌ የጎ ገበታ ያገኛል። በገበታው ላይ ሌላ ሰው የማያየው እድፍ ለርሱ ይታየዋል፤ ወዲያውም ፉጂዋራ ኖ ሳይ የተባለ መንፈስ ይገለጥለታል። (መንፈስ ስንል አንባቢ አይደንግጥ፤ ነገሩ ልብ ወለድ ነው።) ሳይ ከሺህ ዓመት በፊት ለንጉሠ ነገሥቱ ጎ ያስተምር ነበር፤ ነገር ግን በጨዋታ አጭበርብረሃል ተብሎ በሐሰት ተወንጅሎ ስለ ተባረረ ራሱን ውሃ ውስጥ ጥሎ ሞተ። የጨዋታው ፍቅር ስላልወጣለት በ19ኛው ምዕት ዓመት ቶራጂሮ በሚባል ልጅ ላይ አደረ። ልጁም ጠጠሮቹን ሳይ ባመለከተው ቦታ ሁሉ እያኖረ ሆኒንቦ ሹሳኩ የተባለ ገናና ተጫዋች ሆነ። ሹሳኩ በሞተ ጊዜ ሳይ ሂካሩ እስኪመጣ ድረስ ተመልሶ በገበታው ውስጥ ቆየ።

መጀመሪያ ያነበብነው 9ኛ ክፍል ሳለን ነው። ያን ጊዜ ልባችንን የወሰደው ሳይ ነበረ። በጃፓን የልጆች በዓል ቀን፣ ሂካሩ ገበታው ፊት ተቀምጦ ሲያንቀላፋ፤ ሳይ ቃሉን ሳይጨርስ እንደ ጢስ ሲጠፋ ዓይኑን ያልጠረገ ከመካከላችን አልነበረም። በሁለተኛው ንባባችን ግን አንዱ ጓደኛችን መጽሐፉን አጥፎ «ስለ ቶራጂሮ የሚያለቅስ የለም ወይ?» አለ።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ሳይ ልብ ወለድ ሲሆን ሹሳኩ ግን በውነት የኖረ ሰው ነውና። በ1829 በኢንኖሺማ ደሴት ከነጋዴ ቤት ተወለደ፤ የልጅነት ስሙም በማንጋው እንደ ተጻፈው ቶራጂሮ ነው። የሚሃራ ገዢ ችሎታውን አይተው ስለ ወደዱት ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ወደ ኤዶ ሄዶ ሆኒንቦ ቤት ገባ። በዐሥር ዓመቱም የመጀመሪያውን የዳን ማዕረግ አገኘ። ከ1849 እስከ 1861 በቤተ መንግሥት በተደረጉት ግጥሚያዎች 19 ጊዜ ተጫውቶ 19 ጊዜ አሸነፈ። እንግዲህ ማንጋው ይህን ሁሉ ከነጋዴው ልጅ ወስዶ ለቤተ መንግሥቱ ሰው ለሳይ ሰጠው ማለት ነው። ጥሩ ድርሰት ጽፎ «ማን ጻፈልህ?» የተባለ ተማሪ ይህ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቃል፤ ከስድስታችን አንዱ ተብሏል።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አንዳንዶቻችን ልብ ወለድ የልብ ወለድ መብት አለው፤ ደራሲዋም ቶራጂሮን በደግነቱ አመስግነውታል አልን። ሌሎቻችን ግን ልብ ወለድ ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፤ በዓለም ያሉ ብዙ ልጆች የሹሳኩን ስም መጀመሪያ የሰሙት እጁን ላሰበለት መንፈስ እንዳዋሰ ሰው ሆኖ ነው አልን። አንዲት እኅታችን ደግሞ ማንም ተጫዋች ብቻውን አይጫወትም፤ ሳይ ማለት መምህራኑና ከርሱ በፊት የሞቱት ሁሉ ናቸው አለችን። አሳቧ እጅግ ያማረ ነው። ዳሩ ግን የሹሳኩ ተጋጣሚዎችም በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ያደጉ፣ የጥንቶቹን ጨዋታ ያጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሹሳኩን አልሆኑም። ስለዚህ ሊቃውንት እንደሚሉት ወደ ማስረጃው ሄድን።

ማስረጃው የጨዋታው መዝገብ ነው። ጃፓናውያን እያንዳንዱ ጠጠር በስንተኛ ተራ የት እንደ ተቀመጠ ይጽፉ ስለ ነበር፤ ሹሳኩ በ1846 ከጌናን ኢንሴኪ ጋር የተጫወተውን ታላቅ ጨዋታ ዛሬም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መደርደር ይቻላል። በካርቶን ላይ 361 መገናኛ ሠምረን፣ ከወንዝ ዳር ጥቁር ጠጠር ለቅመን፣ በነጩ ፈንታ ቦሎቄ ይዘን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረደርነው። ጌናን የ8ኛ ዳን ባለ ማዕረግና የኢኖኡዌ ቤት አለቃ የነበረ ነው፤ ሹሳኩ ግን 17 ዓመቱ፣ ማዕረጉም 4ኛ ዳን ነበረ። የኛው እኩያ ማለት ነው!

ጌናን ጨዋታው እንደ ተጀመረ በአንደኛው ማዕዘን ያልታወቀ አዲስ ብልሃት አወጣ፤ ወጣቱም በትክክል መመለስ አቅቶት ተጎዳ። ለብዙ ጊዜም ነጩ ይመራ ነበር። በኋላ ሹሳኩ 127ኛውን ጠጠር ከመካከል አኖረ። ያ አንድ ጠጠር ወደ አራቱም ማዕዘን ያያል፤ የራሱን ደካማ ጠጠሮች ይረዳል፤ የጠላቱን ሰፊ ቦታ ያጠብባል። ጨዋታውን ይመለከት የነበረ አንድ ሐኪም ሹሳኩ እንደሚያሸንፍ ተናገረ ይባላል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁትም ጨዋታውን እምብዛም እንደማያውቅ፤ ነገር ግን ያ ጠጠር ሲቀመጥ የጌናን ጆሮ እንደ ቀላ ገለጸ። ጆሮ የሚቀላው ሰው ሲደነግጥ ነውና። ስለዚህም «ጆሮ ያቀላው ጨዋታ» ተብሎ ቀረ። ከ325 ጠጠር በኋላ ሹሳኩ በ2 ነጥብ አሸነፈ።

እኛን ያሳመነን 127ኛው ጠጠር ሳይሆን ቀድሞ የተሳሳተበት ማዕዘን ነው። በማዕዘኑ ላይ የሚታየው አዲስ ነገር ሲገጥመው የሚደናቀፍ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ የሚነሣ ወጣት ነው። የሺህ ዓመት ሊቅ ይሳሳት እንደሆነ ለክርክር እንተወው፤ የ17 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ነው የሚጫወተው።

ለማንጋው ፍርድ ማጓደል አንፈልግም። ሳይ ከጠፋ በኋላ ሂካሩ የሹሳኩን መዛግብት ገልጦ ያለቅሳል፤ የሳይን ታላቅነት ቀድሞ ያወቀው ቶራጂሮ ስለ ነበረ ሁሉን ለሳይ እንደ ተወለት ይረዳል። ጨዋታውንም እስከ ማቆም ይደርሳል። በኋላ ግን ከጓደኛው ጋር ሲጋጠም ሳይን በገዛ እጁ አጨዋወት ውስጥ ያገኘዋል። በመጨረሻውም ክፍል ኮ ዮንግ ሃ የተባለ የኮሪያ ወጣት ሹሳኩን እንደ ናቀ ይሰማና በቁጣ ሊጋጠመው ይነሣል፤ በግማሽ ነጥብም ይሸነፋል። ደራሲዋ ጀግናቸውን በማሸነፍ አለመጨረሳቸው ከሁሉ ይልቅ ያስከበራቸው ይመስለናል። ይሁን እንጂ ሂካሩ የተቆጣው ስለ ሳይ እንጂ ስለ ቶራጂሮ አይደለም።

ሹሳኩ በሰያፍ የሚያኖረው፣ ኮሱሚ የሚባል ጠጠር አለው። በ20ኛው ምዕት ዓመት የቀደመው ጥቁር ለነጩ የነጥብ ካሳ መስጠት ሲጀምር ይህ ጠጠር ዘገምተኛ ነው ተብሎ ተተወ። በማርች 2016 በሴኡል አልፋ ጎ የተባለው መኪና ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ግን ተጫዋቾች የጥንቱን ሁሉ በመኪና ይመረምሩ ጀመር፤ ኮሱሚውም መልካም ሆኖ ተገኘ።

በ1862 በኤዶ የኮሌራ በሽታ ገባ። በሆኒንቦ ቤት ብዙዎች ታመሙ። ሹሳኩ በሽተኞቹን ሲያስታምም በሽታው ያዘውና በ33 ዓመቱ ሞተ፤ የሆኒንቦ ቤት ወራሽ ተብሎ ነበርና አለቅነቱን ሳይቀበል ቀረ። በ2004 የጃፓን የጎ ማኅበር በቶኪዮ የክብር አዳራሽ ሲከፍት መጀመሪያ የመረጣቸው አራት ሰዎች ቶኩጋዋ ኢኤያሱ፣ ሆኒንቦ ሳንሳ፣ ሆኒንቦ ዶሳኩና ሆኒንቦ ሹሳኩ ናቸው።