ታሪክ በሥዕል፦ ራማና ንግሥት ማክዳ

  ዛሬ የምናወራው ስለ ሥዕል ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ድሮ ታሪክን በምን ያነብ ነበር? በሥዕል ነዋ!

ከህንድ እንጀምር። ህንዶች ራማያና የሚባል ጥንታዊ የጀግና ታሪክ አላቸው። የራማን ሚስት ሲታን፣ ራቫና የሚባል የአጋንንት ንጉሥ ጠልፎ ይወስድበታል። ራማም የዝንጀሮ ሠራዊት ይዞ፣ በባሕር ላይ ድልድይ አሠርቶ ያስመልሳታል። የመዋር ንጉሥ ጃጋት ሲንግ ይህን ታሪክ በመጽሐፍ አስጻፈ፤ ሥዕልም አሣለበት። ሥራው የተሠራው ከ1649 እስከ 1653 እ.ኤ.አ. ነው። ከሠዓሊዎቹ አንዱ ሳሂብ ዲን ሙስሊም ነበር፤ የሂንዱዎችን ታሪክ ግን አሳምሮ ሣለው።

የሣሉት በወረቀት ላይ፣ በውሃ ቀለም ነው። ራማ ቆዳው ሰማያዊ ነው። ራቫና ደግሞ ዐሥር ራስና ሃያ ክንድ አለው። ያየ ሰው አይሳሳትም። በአንዱ ሥዕል ውስጥ ራማ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታያል፤ እዚህ ሲነጋገር፣ እዚያ ሲዋጋ። ሦስት ራማ አለ ማለት አይደለም፤ ጊዜው እያለፈ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገርስ? በ20ኛው መቶ ዓመት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥት ማክዳን ታሪክ በሸራ ላይ ይሥሉ ነበር። ሸራውን በመስመር ይከፋፍሉታል፤ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ይሆናል። እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አጭር የአማርኛ ጽሑፍም አለው። እናንተ አሁን ታነቡታላችሁ!

መጀመሪያ ከሕዝቡ ግብር የሚቀበል ዘንዶ ይታያል። አንጋቦ መርዝ ያለበት ፍየል አብልቶ ይገድለውና ይነግሣል። ይህ በክብረ ነገሥት ውስጥ የለም፤ ከሰው አፍ የተሰማ ነው። ቀጥሎ ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች። ንጉሥ ሰሎሞን ያለ ፈቃዱ ከቤቱ ምንም ካልወሰደች እንደማይነካት ይምልላታል። ግን ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላታል! ሌሊት ይጠማታል። ውሃ ልትጠጣ ስትል እጇን ይይዛታል። ውሃ ብቻ እኮ ነው ብትል፣ ከውሃ የሚበልጥ ምን አለ ይላታል። ለስምጥ ሸለቆ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ ምኒልክ ቀዳማዊ ይወለዳል፤ አድጎም ታቦተ ጽዮንን ወደ አክሱም ያመጣል።

ክብረ ነገሥት በግዕዝ የተጻፈው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከሰሎሞን ዘመን ከ2000 ዓመት በላይ ቆይቶ። ስለዚህ እንደ ትረካ እንየው።

ሥዕሉ አክሱም ላይ ያበቃል። የዝዋይ ሐይቅ የዛይ ሰዎች ግን ታሪኩን ይቀጥሉታል። ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ሸሹ፤ በሐይቁ ውስጥ ቱሉ ጉዶ በሚባለው ደሴት፣ በደብረ ጽዮን ሸሸጉት ይላሉ።