ፈዞ የተመለሰው ልጅ፦ የአካል ጤናና የወጣት አእምሮ በባሱንዳና በመተማ በረሃ

ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ወጣት ለሥራ ቆላ ሲወርድ «በረሃ ወረደ» ይባላል። በረሃው መተማ ሊሆን ይችላል፤ ሁመራም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት፣ ዶካ ወይም ባሱንዳም። ባሱንዳ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክልል፣ ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰን የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። ልጁ ከወራት በኋላ ሲመለስ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው ክሳቱን ነው። ሰንበትበት ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ይላል። የላኩትን ይረሳል፤ ቀላል ሒሳብ ይሳሳታል፤ ደብተር ይዞ ይቀመጥና ገጹን ሳይገልጥ ይመሻል። «ፈዞ መጣ» ይሉታል። አንዱ በረሃው መታው ይላል፤ ሌላው ሱስ ይዞ መጣ ይላል፤ ሦስተኛው ድሮም ሰነፍ ነበር ብሎ ይዘጋዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው መፍዘዙ የጠባይ ጉዳይ አይደለም ብሎ ነው። በአመዛኙ የደም፣ የእንቅልፍ፣ የሙቀትና የምግብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ፣ ሊለካና ሊታከም ይገባዋል። የሚደርሰው ደግሞ አእምሮ ገና እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ላይ ነው።

ያላለቀ ሥራ

አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው። አንጎሉ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ጄይ ጊድና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የልጆችንና የወጣቶችን አንጎል በኤምአርአይ እየደጋገሙ በማንሳት እንዳሳዩት፣ ማቀድን፣ ስሜትን መግታትንና የነገን ማሰብን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ከሁሉም ዘግይቶ የሚበስል ነው። ብስለቱ እስከ ሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ይዘልቃል። በነዚህ ዓመታት የማያገለግሉ የነርቭ መገናኛዎች እየተመለመሉ ይወገዳሉ፤ የሚያገለግሉት ደግሞ መልእክት በሚያፈጥን የቅባት ሽፋን ይለበጣሉ። ሥራው ኃይል ይጠይቃል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ኃይል የሚያቀብለው ኦክስጅን የተሸከመ ደም ነው።

አካልና አእምሮ በዚህ ዕድሜ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ካሳዩት ጥናቶች ሁሉ ሰፊው የስዊድኑ ሳይሆን አይቀርም። ማሪያ ኦበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ይህ ጥናት ከ1950 እስከ 1976 የተወለዱ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ወንዶች በ18 ዓመታቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘገቡ የወሰዱትን የአካልና የአእምሮ ፈተና አነጻጽሯል። ልባቸውና ሳንባቸው የበረታ ወጣቶች በአእምሮ ፈተናውም የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። የጡንቻ ጥንካሬ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አላሳየም። ከ15 እስከ 18 ዓመታቸው ባለው ጊዜ የልብና የሳንባ ብቃታቸው ያደገው ደግሞ በ18 ዓመታቸው በአእምሮ ፈተና ልቀው ተገኝተዋል።

ይህን ውጤት ስለ በረሃ ሠራተኛ ሳስበው የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር አለ። ልጁ ከማንም በላይ አካሉን ያሠራል፤ ኩንታል ይሸከማል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ታዲያ ለምን አይጠቀምም? ስዊድናዊው ወጣት የሚሮጠው ጠግቦ፣ ተኝቶና ደሙ ሙሉ ሆኖ ነው። ሰውነት ከድካም የሚያተርፈው ከድካሙ በኋላ ዕረፍትና ምግብ ሲያገኝ ነው። ያለዚያ ሥራው ካለው ላይ መብላት ይሆናል።

ሰሊጡ ቀን አይሰጥም

በገዳሪፍ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ፣ በእንግሊዞች ዘመን፣ ገዳምባሊያ ላይ ነው። ትራክተሩ ማረሱንና መዝራቱን ወሰደ፤ አረሙንና የሰሊጡን አጨዳ ግን ለሰው እጅ ተወው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ ቋቱ ከላይ ተሰንጥቆ ይከፈታል። ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ንፋስ ወይም የሠራተኛ እግር በነካው ቁጥር ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ አጨዳው በጥድፊያ ነው። ሠራተኛው የሚከፈለው ባጨደው ልክ ነውና ፀሐይ ሳይከር ለመቅደም ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ጨረቃ ስትኖር በሌሊትም ያጭዳል። ውሃው በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ ጀሪካን ማሳው ዳር ተቀምጧል። ጀሪካኑ ዘንድ መሄድ ከአጨዳው ጊዜ የሚቀነስ ስለሆነ ልጁ ጥሙን እያባበለ መስመሩን ይጨርሳል። ማታ ሸራ ካለ ሸራ ሥር፣ ከሌለ ግራር ሥር፣ ማዳበሪያ አንጥፎ ጥቁሩ መሬት ላይ ይተኛል። ትንኝ፣ ሙቀትና የነገው ሥራ ሐሳብ እንቅልፉን ይቆራርጡታል። ለወጣት የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው።

የሙቀቱን ዋጋ ለመገመት ቦስተን ድረስ መሄድ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት ከተማዋን የሙቀት ማዕበል ሲመታት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 44 ጤነኛ ተማሪዎችን ተከታተሉ። ማቀዝቀዣ በሌለው ሕንፃ ያደሩት በማግስቱ ጠዋት ለፈተና የሰጡት መልስ ማቀዝቀዣ ባለው ሕንፃ ካደሩት በ13 በመቶ ያህል የዘገየ ሆነ። እነዚህ አልጋ ላይ የተኙ፣ ውሃ እንደልብ የሚያገኙ፣ ጥቂት ሞቃት ሌሊቶችን ብቻ ያሳለፉ ወጣቶች ናቸው። የበረሃው ልጅ ወራት ያሳልፋል። ከደላላ ጋር የሚከራከረው፣ የሥራ ውል የሚሰማው፣ ያገኘውን ገንዘብ የሚቆጥረውና ከማን ጋር እንደሚያድር የሚወስነውም በዚሁ በደከመ ራስ ነው። በመተማና በሁመራ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር የተባለው በሽታና ኤችአይቪ አንድ ሰው ላይ ተደርበው መገኘታቸው ሐኪሞችን ሲያሳስብ የኖረ ጉዳይ ነው። ድካም በማመዛዘን ላይ የሚያደርሰውን ጫና ሳያስቡ ወጣቱን በምክር ብቻ «ተጠንቀቅ» ማለት ግማሽ ሥራ ነው።

ጣፊያና ማስተዋል

ካላዛር የዚህ ድንበር ዋና በሽታ ነው። ተውሳኩን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው በጥቁሩ የዋልካ መሬት ስንጥቆች ውስጥ፣ ግራርና ሱዳኖች ላሎብ የሚሉትን ፍሬ የሚሰጠው በደኖ በበዛበት ዱር ነው። የምትበዛው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሞቃት ወራት ሲሆን የምትናከሰው በምሽትና በሌሊት ነው። መኝታው መሬት፣ ጥላው ግራር የሆነ ልጅ የሚያድረው እርሷ መኖሪያ ላይ ነው። በገዳሪፍ መንደሮች በሽታው ሕፃናትን አብዝቶ ያጠቃል። ከደጋ የሚወርዱት ታማሚዎች ግን በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው።

በሽታው ቀስ ብሎ ይገባል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ይዋጣል፤ አይለቅም። ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ፊት ይገረጣል። ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ደጋው ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች መድኃኒት በማይበግረው «ወባ» ሲሞቱ ቆይተው በሽታው ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት በሽታው በአካባቢው አይታወቅም ነበር። ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች እንዳመጡት ይታመናል። እስከ 2007 ድረስ 2,450 አዲስ ታማሚዎችና 120 ሟቾች ተመዝግበዋል።

አሁን ወደ መፍዘዙ እንመለስ። ያበጠ ጣፊያ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይዞ ያስቀራል፤ ያጠፋቸዋልም። የረጅም ጊዜ እብጠትና ትኩሳት ደግሞ መቅኒ አዲስ ደም እንዳይሠራ ያውከዋል። ውጤቱ ከባድ የደም ማነስ ነው። የደም ማነስ ጉልበት ላይ የሚያደርሰውን በኢንዶኔዥያ የጎማ እርሻ ሠራተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ጥናት አሳይቷል። ደም ያነሳቸው ሠራተኞች የሚሰበስቡት ከጓደኞቻቸው ያነሰ ነበር፤ ለ60 ቀን የብረት እንክብል ሲወስዱ ተስተካከሉ። አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ ሎራ ሙሬይ-ኮልብና ጆን ቢርድ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ18 እስከ 35 ዓመት ባሉ ሴቶች አሳይተዋል። ከ16 ሳምንት የብረት ሕክምና በኋላ የብረት ክምችታቸው የተስተካከለው በትኩረት፣ በማስታወስና በመማር ፈተና ጉልህ መሻሻል አሳዩ። ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለው ደግሞ ፈተናውን ፈጥነው ጨረሱ። ማለትም ጉዳቱ የሚመለስ ነው። ለወላጅ ከዚህ የበለጠ ማጽናኛ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ግድ ነው። ለበረሃ ተመላሽ ሁሉ የብረት እንክብል ይታደል ማለት አይደለም። በካላዛር የሚመጣው የደም ማነስ ከብረት እጥረት ይልቅ ከጣፊያውና ከበሽታው የሚመነጭ ነው። ወባ በበዛበት አገር ብረት በጅምላ መስጠት ሊጎዳ እንደሚችልም በዛንዚባሯ ፔምባ ደሴት በሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2006 የታተመው ጥናት አስጠንቅቋል። በሽታው ይታወቅ፤ ይታከም፤ ከዚያ ደሙ እንዲመለስ ልጁ ይመገብ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ዪንግቬ ሆፍቫንደር በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው የደም ምርምር ደገኛው ከጤፍ ብዙ ብረት እንደሚያገኝ አመልክቷል፤ ከብረቱ ብዙው በበሬ በሚወቃው አውድማ ከአፈሩ የሚቀላቀል ነው። ሊጡ መቡካቱ ደግሞ ብረቱ በሰውነት እንዲወሰድ ያግዛል። የደጋው ልጅ ባሱንዳ ሲደርስ ከእንጀራ ወደ ማሽላ ገንፎ፣ ወደ አሲዳ፣ ከደረቅ ባሚያ በተሠራ የዌካ መረቅ ይዞራል። ምግቡ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሱዳናዊው ቤተሰብ ከወተትና ከሥጋ ጋር ይበላዋል። እርሻው ላይ ያለው ሠራተኛ ግን ነጋ ጠባ ያንኑ ብቻውን ይበላል።

ደግሞም ልጁ ከቤቱ ሲነሣ ሙሉ ሆኖ አልተነሣም። የረሃብን ዋጋ ያሰላው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ጥናት እንዳመለከተው ለሥራ ከደረሰው የኢትዮጵያ ሕዝብ 67 በመቶው በልጅነቱ የቀነጨረ ነበር። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በልጅነት የጎደለው ሁሉ በወጣትነት አይሞላም፤ የተረፈውን መጠበቅ ግን ይቻላል።

በ17ኛው ቀን

በሕክምናው በኩል ገዳሪፍና ጎንደር የቆየ ዝምድና አላቸው። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መርፌዎችን አጣምሮ ካላዛርን በ17 ቀን ማከም እንደሚቻል ያረጋገጠው ጥናት ከተካሄደባቸው ቦታዎች መካከል በገዳሪፍ ኡም ኤል ኸይርና ካሳብ፣ በኢትዮጵያ ጎንደርና አርባ ምንጭ ይገኛሉ። ከዚያ በፊት መርፌው 30 ቀን ይወስድ ነበር። ሁለት መንግሥታት በድንበር ሲካሰሱ የሁለቱ አገር ሐኪሞች አንድ መዝገብ ሞሉ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ በሱዳን ጦርነት የተነሣ ገዳሪፍ ለተፈናቃይ መጠጊያ ሆናለች፤ በአማራ ክልልም የተነሣው ግጭት መንገድ ዘግቷል። ታማሚው ዛሬ ከጤና ጣቢያ ይበልጥ ርቋል።

በ17ኛው ቀን የሚጠየቁት ነገሮች ይታወቃሉ፦ ትኩሳቱ ለቋል? ጣፊያው ቀንሷል? ክብደቱ ጨምሯል? ደሙ ከፍ ብሏል? እነዚህ ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ ልጁ አልጋውን ይለቃል፤ ብዙ ጊዜም የባከነውን የሥራ ወቅት ለማካካስ በቀጥታ ወደ እርሻው ይመለሳል። ደሙ ገና አልሞላም፤ እንቅልፉ ገና አልተመለሰም። እንደ እኔ ፍርድ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ተውሳኩን ገድለን አእምሮው የሚያገግምበትን ወራት ለሰሊጡ አሳልፈን እንሰጠዋለን።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ (የካላዛር) ምርምርና ሕክምና ማዕከል፣ በመተማና በአብደራፊ፣ ከድንበሩ ማዶም ለምትሠሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። በሽታው አለማገርሸቱ የሚረጋገጥበት የስድስት ወር ቀጠሮ አስቀድሞ በአሠራራችሁ አለ። በዚያ ቀጠሮ ላይ አሥር ደቂቃ ጨምሩ። ልጁን ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጥሩት፤ የነገራችሁትን ቃላት አስደግሙት፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱንም ከጣፊያው ልክ ጎን መዝግቡት። ወላጆችም ልጃችሁ ፈዞ ከመጣ ሰነፈ ከማለታችሁ በፊት ደሙን አስመርምሩት።