የቤተሰብ ቪዲዮ ካሴት

የቤተሰብ ቪዲዮ ካሴት ሠርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና የመሳሰሉት በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹበት ማግኔታዊ ክር ነው። በጣም የታወቀው ትልቁ ካሴት ቪኤችኤስ ሲሆን የጃፓኑ ጄቪሲ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦታል። ትንንሾቹ ካሜራዎች ቪዲዮ 8 (1985 እ.ኤ.አ.) ወይም ሚኒ ዲቪ (1995 እ.ኤ.አ.) ይጠቀማሉ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል፤ ስለዚህ ካሴቱ ደህና ቢሆንም ማጫወቻው እየጠፋ ነው።

ቀረጻ

ካሜራው ብርሃኑን ራሱ ሲመጥን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ያሳስቱታል፤ ብርሃኑን ይቀንስና ፊት ይጠቁራል። ሰውን በመስኮት ፊት አቁሞ መቅረጽም ያው ነው። ዙም ከማብዛት ጠጋ ማለት ይሻላል። አንዱን ሥዕል ቢያንስ 10 ሰከንድ ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ይጠቅማል። ድምፅ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ከበሮና እልልታ አጠገብ የቆመ ማይክሮፎን የሽማግሌዎቹን ምርቃት አይሰማም፤ ከዓመታት በኋላ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

የክሩ አያያዝ

ክሩ የማግኔት ብናኝ በማጣበቂያ የተለጠፈበት ፕላስቲክ ነው። እርጥበት ማጣበቂያውን ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ብናኙም ተራግፎ የዴኩን ሄድ ያቆሽሻል። ነጭ ሻጋታ የታየበት ካሴት ዴክ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሻጋታው ወደ ሌሎቹም ይዛመታል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ ከ2,000 ሜትር በታች ትገኛለች፤ ሞቃት ናት። ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ካሴት ወይም ካሜራ ጤዛ ይይዛል፤ እርጥብ ክር ደግሞ ከሚሽከረከረው ከበሮ ጋር ተጣብቆ ሊበጠስ ይችላል። ከማጫወት በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል በማሸጊያው ማቆየት ይበቃል። ከቢስቲማ ወደ ደሴ በመኪና የሚላክ ካሴትም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሞተር ሙቀትና ከፀሐይ መራቅ አለበት።

ካሴት ወደ መጀመሪያው ተጠንጥኖ በቁሙ ይቀመጣል። ቡፌ ላይ ከስፒከር አጠገብ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ማግኔቱ ቅጂውን ይጎዳል። በቪኤችኤስ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ አይቀርጽም። ይህች ምላስ ሳትሰበር የቀረችበት ሠርግ በድራማ ተሸፍኖ ሊጠፋ ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣ ካሴት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል (625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል) ነው፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና ወደ 30 ሥዕል አለው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት እዚህ ቀለም አልባ ሆኖ ወይም እየተንሸራተተ ቢታይ ተበላሽቷል ተብሎ መጣል የለበትም፤ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጋል።

መገልበጥ

ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የካሴቱን ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ የሦስት ሰዓት ሠርግ ሦስት ሰዓት ነው። ሚኒ ዲቪ እንደገና ሳይጨመቅ ከተቀዳ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ቅጂው ከካሴቱ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ወጥቷል።