ኩንታል የቆጠረ፣ ዋጋ የዘነጋ ትምህርት

የጎጃም ደጋ የግብርና ኤክስቴንሽን ሲነሳ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና በመስመር መዝራት ይቀድማሉ። መነሻው ሩቅ ነው። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ስምምነት፣ በኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን አንድ ላይ ይዞ ሲነሳ ትልቁ ጭንቀቱ ምርት ማሳደግ ነበር። የኤክስቴንሽኑ ሥራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሲዛወርም ይኸው ጭንቀት አብሮት ሄደ። የደብረ ማርቆስንና የአካባቢዋን ገበሬ ከምርት ማነስ ባልተናነሰ የጎዳው ግን ላመረተው እህል ዋጋ ተማኙ ሁልጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው እላለሁ።

የ1960ው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ይህን ያሳያል። በዚያው ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር የሚተመነው በምርቱ ግምት ነበር። ገማቾች ወደ ገጠር ሲላኩ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሡ፤ ጦር ቢዘምትባቸውም አልተበገሩም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ገበሬው የተዋጋው ለርስቱ እንጂ ለሒሳብ አይደለም የሚሉ አሉ። ርስቱን አጣለሁ ብሎ መስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን መሬት የቤተሰቡ ዋና ጥሪት በሆነበት አገር ርስት መጠበቅ ራሱ ሒሳብ ነው፤ ያፈሰውን እህል ሌላ ሰው በዓይኑ ገምቶ ሲያስከፍለው የሚቀርለትን አስቀድሞ ማስላት አይችልም።

ደርግ በ1967 መሬቱን ለአራሹ ሰጠ፤ ዋጋውን ግን ለራሱ ያዘ። ጎጃም፣ እህል በቁርጥ ዋጋ የሚረከበው የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የጣለው ኮታ ከከበደባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ሆነ፤ የግል እህል ነጋዴም ታገደ። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከማስረከብ ደረሰ። የልማት ሠራተኛው ስለ አዘራር ሊያስተምር ይችላል፤ ስለ ዋጋ ግን ምን ይበል? ዋጋው ከአዲስ አበባ ተቆርጦ የሚመጣ ነበር። ኮታው የተነሣው በ1982 ነው።

የተራበ ሕዝብ ባለበት ምርት ይቅደም፣ ገበያው ይደርሳል የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው፤ የ1977ን ረሃብ ያየ አገር ምርትን ቢያስቀድም አይፈረድበትም። ሆኖም በ1987 የተጀመረው የፓኬጅ ኤክስቴንሽን ዘርና ማዳበሪያ በብድር አድርሶ የበቆሎ ምርት ሲያድግ፣ በ1994 ዋጋው ተንኮታኮተ። እህሉ ሞልቶ የማዳበሪያው ዕዳ አልከፈል ያለው ብዙ ነው፤ በተከታዩ ክረምት ማዳበሪያ መግዛት የቀነሰውም ለዚህ ነው። ገበያው በራሱ ጊዜ አልደረሰም፤ ጭራሽ የተገኘውን ምርት መልሶ አስጠፋ።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ነበር። መድረኩን የያዙት ግን ቡናና ሰሊጥ ሆኑ፤ የጎጃም ጤፍ አሁንም በአብዛኛው በነጋዴና በደላላ በኩል አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይደርሳል። ስለዚህ በ1999 ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስመርቀው የግብርና ኢኮኖሚስት ሥራው ከማሳው ዳር ማለቅ የለበትም። ዕዳ የሚሰበሰበው አውድማው እንደተነሣ፣ ዋጋው ዝቅ ባለበት ወቅት ነው፤ ገበሬው እህሉን እስከ ክረምት ለማቆየት ጎተራው፣ ማኅበሩና ብድሩ ይበቁት እንደሆነ ተማሪው ደጀንና ቢቸና ወርዶ አብሮት ማስላት አለበት።