ከአለባ በኋላ ያለችው ደቂቃ
የከብት ሐኪም ነኝ፤ ስለ ላም ጡት በሽታ ሳስተምር የምጀምረው ከእንግሊዝ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፔኒሲሊን በየበረቱ ሲገባ ብዙ ሰው በሽታው አበቃለት ብሎ ነበር። አላበቃም። የዳነችው ላም በአላቢው እጅ፣ በመወልወያው ጨርቅና በማለቢያ ማሽኑ ጎማ አማካይነት ከሌላዋ መልሳ ትያዛለች።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ሬዲንግ ከተማ አጠገብ በነበረው ብሔራዊ የወተት ምርምር ተቋም፣ እነ ፍራንክ ዶድና ፍራንክ ኒቭ መተላለፊያውን መዝጋት ላይ አተኮሩ። ከሥራቸው ታዋቂው ባለ አምስት ነጥብ ዕቅድ ወጣ። ከአምስቱ እኔ የማስበልጠው የጡት መንከሪያዋን ኩባያ ነው። አለባ ሲያበቃ የጡቱ ቀዳዳ ወዲያው አይገጥምም፤ ጫፉ ላይ የቀረችው የወተት ጠብታ ለጀርም ምግብ ናት። ያኔ እያንዳንዱን ጡት አዮዲን ውስጥ መንከር ርካሽ ነው፤ ግን አንድም አለባ መዝለል አይቻልም። የዕቅዱ የቀሩት አራት ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦ ላሟ ስትነጥፍ በአራቱም ጡቶቿ አንቲባዮቲክ ይገባል፤ የታመመችው ቶሎ ትታከማለች፤ በሽታው የማይለቃት ከመንጋው ትወጣለች፤ ማሽኑም ይፈተሻል።

ዕቅዱ ከላም ላም የሚተላለፉትን ጀርሞች ክፉኛ አዳከመ። ከጉዝጓዝና ከፋንድያ የሚመጣውን ኢ ኮላይ የተባለውን ጀርም ግን አልገታም። ለነጠፈች ላም ሁሉ በጅምላ መድኃኒት መስጠትንም የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ ተገቢ ውሳኔ ነው እላለሁ። መንከሪያዋ ኩባያ ግን ዛሬም ከሥራ አልወጣችም።